ድኝ በድንጋይ ውስጥ፤ በሶደሬ መንገድ ከተለቀመ ናሙና እስከ ቤተ ሙከራ ሚዛን

ከአዳማ (ናዝሬት) ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ወደ ሶደሬ የሚወስደው መንገድ ርዝመቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አብዛኛው መንገደኛ ይህን ርቀት የሚያልፈው ፍል ውሃውን፣ የመዋኛ ገንዳውን፣ በአዋሽ ዳር ያለውን የዛፍ ጥላና ምሳ ለመንጠቅ የሚያደባውን ጦጣ እያሰበ ነው። ለኬሚስትሪና ለሥነ ምድር ተማሪ ግን መንገዱ ራሱ ትምህርት ነው። በጉዞው መካከል አዋሽ መልካሳ ላይ የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ይገኛል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ባዛልት፣ ከትኩስ አመድ ተበይዶ የተሠራ ኢግኒምብራይትና እዚህም እዚያም የሚያብረቀርቅ ባልጩት ይታያል። በመጨረሻም ከመሬት ስንጥቅ የሚፈልቀው ውሃ ይመጣል።

እነዚህን ሦስቱን፣ ማለትም ፋብሪካውን፣ ዓለቱንና ፍል ውሃውን በአንድ ቀን ያየ ተማሪ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። «ፍል ውሃ ካለ ድኝ አለ ማለት ነው፤ ድኝ ካለ ደግሞ ድንጋዩ ውስጥ ነው ያለው፤ ታዲያ ፋብሪካው ለምን ከደጁ አያወጣውም?» ጥያቄው የዋህ ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። መልሱ በአንድ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ያም ቁጥር በድንጋዩ ውስጥ ያለው የድኝ መጠን ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ቁጥር በቤተ ሙከራ እንዴት እንደሚገኝ፣ የት ላይ እንደሚያሳስትና ከተገኘ በኋላ ምን እንደሚነግረን እንመለከታለን።

ድኝ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም «ዲን» የተባለው፣ በትምህርት መጻሕፍት ደግሞ ሰልፈር የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። የአቶም ቁጥሩ 16፣ የአቶም ክብደቱ 32.06 ነው። ቢጫ ሆኖ ንጹሑን ማየት የሚሻ ወደ ዳሎል መሄድ ይኖርበታል። በሶደሬ አካባቢ ባሉት ዓለቶች ውስጥ ያለው ድኝ ግን በዓይን አይታይም፤ ስለዚህም ሚዛን ያስፈልጋል።

ስለ አፍንጫ አንድ ነገር ተናግረን እንለፍ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ በአየር ውስጥ በቢሊዮን ጥቂት ክፍል ብቻ ሲገኝ የሰው አፍንጫ ያውቀዋል። በመሆኑም «ድኝ ድኝ ይላል» የሚባል ፍል ውሃ ሁሉ ብዙ ድኝ አለው ማለት አይደለም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጋዙ በሚሊዮን ከ100 ክፍል በላይ ሲሆን የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል፣ አደጋው ግን የበለጠ ይሆናል። በእሳተ ገሞራ ትንፋሽ አጠገብ ናሙና የሚለቅም ሰው በአፍንጫው እንዳይተማመን ከወዲሁ ማሳሰብ እንወዳለን።

ጉዳዩ ለምን አሳሳቢ ሆነ?

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከሶደሬ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በመተሐራና በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ደጋግማ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከፈንታሌ ተራራ እስከ ዶፈን ባለው ቀጠና ቅልጥ ዓለት (ማግማ) ከመሬት በታች ስንጥቅ እየከፈተ ዘለቀ። በታኅሣሥ መጨረሻ በዶፈን ግርጌ እንፋሎት፣ አቧራና ድንጋይ በኃይል ወጣ፤ በየካቲት ደግሞ መጠኑ ወደ 6 የሚጠጋ ርዕደ መሬት ተመዘገበ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። ያኔ ቅልጡ ዓለት ወደ ላይ ፈንድቶ ሳይወጣ ቀረ። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን በአፋር የሚገኘው ሀይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባሕርን በመሻገር በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ዘልቆ የአውሮፕላን በረራዎችን አስተጓጎለ። ከአመዱ ጋር የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ደመና አብሮ ሄዷል።

የእሳተ ገሞራ ጉዳት አመድና ትኩስ ድንጋይ ብቻ አይደለም። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከውሃ ተን ጋር ተዋሕዶ የሰልፈሪክ አሲድ ጉም ይሆናል። ዝቅ ብሎ ከቀረ የሰውንና የከብትን ሳንባ ያቃጥላል፣ ሰብልን ያጠወልጋል። ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ከወጣ ደግሞ የፀሐይን ብርሃን እየመለሰ ምድርን ያቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1991 በፊሊፒንስ የፈነዳው ፒናቱቦ ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን የሚገመት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለቆ፣ በተከታዩ ዓመት የዓለምን አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ቀንሶት ነበር። በሰኔ 2003 ዓ.ም. በኤርትራ ድንበር ውስጥ የፈነዳው ናብሮም በሳተላይት የታየ ከፍተኛ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ደመና ልኮ ነበር።

ሳተላይት የሚለካው ጋዙ ከወጣ በኋላ ነው። ፈንታሌ፣ ቦሰት፣ ወይም ከሶደሬ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው ገደምሳ ወደፊት ቢነቁ ምን ያህል ጋዝ ሊለቁ እንደሚችሉ አስቀድሞ ለመገመት ያለን መዝገብ አንድ ነው፤ እርሱም ቀድሞ የተፉት ድንጋይ ነው። የድንጋይን ድኝ መለካት የቤተ ሙከራ ጨዋታ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ድኙ በምን መልክ ተቀምጧል?

ማንኛውም የመለኪያ ዘዴ ከመመረጡ በፊት ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት። ድኝ በዓለት ውስጥ በአራት መልክ ሊገኝ ይችላል። አንደኛው በንጹሕ ቢጫ ድኝነቱ ነው። ሁለተኛው ሰልፋይድ ነው፤ ከብረት ጋር ተጣምሮ እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጨው ፓይራይት የዚህ ወገን ነው። ሦስተኛው ሰልፌት ሲሆን ጂፕሰምና ውሃ የሌለው ወንድሙ አንሃይድራይት ይጠቀሳሉ። አራተኛው፣ ለእኛም ዋናው፣ በመስታወታማ ዓለት ውስጥ የሟሟው ድኝ ነው። ባልጩት ማለት ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ የቀዘቀዘ ቅልጥ ዓለት ነውና፣ በቅልጡ ውስጥ የነበረው ድኝ ጥቂቱ እዚያው ታስሮ ይቀራል።

ሰልፋይድን የሚያሟሟ አሲድ መስታወትን ላያሟሟ ይችላል፤ ሰልፌትን የሚያወጣ ውሃ ፓይራይትን አይነካም። ጠቅላላውን ድኝ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ ድንጋዩን ሙሉ በሙሉ ማፍረስ ይኖርበታል።

ናሙናው

ስሕተት የሚጀምረው ቤተ ሙከራ ከመግባቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በሜክሲኮ ኤል ቺቾን የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ ከወጣው ፓሚስ ውስጥ የአንሃይድራይት ክሪስታሎች ተገኙ። ይህ ማዕድን በውሃ ስለሚሟሟ፣ ዝናብ በተፈራረቀባቸው የቆዩ ክምችቶች ውስጥ ግን ይጠፋል። ስንት ቀደምት እሳተ ገሞራ ድኙን ለዝናብ አስረክቦ «ድኝ አልባ» ተብሎ ይሆን? ጥያቄው ለእኛም ይሠራል። በስምጥ ሸለቆአችን ደግሞ ተቃራኒውም አለ፤ በበጋ ውሃ ከአፈርና ከድንጋይ ስንጥቅ እየተነነ ጨውና ሰልፌት በድንጋዩ ገጽ ላይ ይተዋል። ዝናብ ከአንዱ ድንጋይ የወሰደውን ትነት በሌላው ላይ ይጨምረዋል ማለት ነው።

በመሆኑም ከመንገድ ዳር ያገኙትን ድንጋይ አንሥቶ ኪስ መክተት ናሙና መልቀም አይደለም። በመዶሻ ተፈልጦ ያልበሰበሰው ውስጡ ይወሰዳል፤ ነጭ ሽፋን፣ ዝገት ወይም የተሞላ ቀዳዳ ያለበት ክፍል ይጣላል። የተለቀመበት ቦታ፣ ቀንና የዓለቱ ዓይነት እዚያው በማስታወሻ ላይ ይሰፍራል፤ «ቤት ስደርስ እጽፈዋለሁ» ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሞከረው ያውቀዋል። ከዚያ ናሙናው በተጣራ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆና ተሰባብሮ እንደ ዱቄት እስኪልም በአጌት ሙቀጫ ይፈጫል። ሰልፋይድ ያለበት ናሙና ሲፈጭ እንዳይግል በዝግታ መሠራት አለበት፤ ሙቀትና አየር ሲገናኙ ድኙ ኦክስጅን ይዞ ማምለጥ ይጀምራልና።

የጥንቱ መንገድ፤ ድኝን አዝቅጦ መመዘን

በሀገራችን ያሉ ብዙ የማስተማሪያ ቤተ ሙከራዎች ውድ መሣሪያ የላቸውም፤ ጥሩ ሚዛንና የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን አላቸው። ለዚህ ነው የክብደት ዘዴውን በሰፊው የምናቀርበው። ዘዴው አሮጌ ነው። ቢሆንም በትክክል ከተሠራ ሌላ መሣሪያ ሳይጠቅስ በራሱ የሚቆም ነው፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች መጠናቸው የታወቀ ናሙናዎችን ተደግፈው ሲሠሩ፣ እርሱ የሚደገፈው በሚዛንና በአቶም ክብደት ላይ ብቻ ነው።

አንድ ግራም የድንጋይ ዱቄት በሚዛን ተለክቶ ከ5 ግራም ሶዲየም ካርቦኔትና ከግማሽ ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ጋር በፕላቲኒየም ክሩሲብል ውስጥ ይደባለቃል። ካርቦኔቱ መስታወቱን ያቀልጣል፤ ናይትሬቱ ደግሞ ኦክስጅን እየሰጠ ማንኛውንም ድኝ ወደ ሰልፌት ይለውጣል። ድብልቁ ቀስ በቀስ ሞቆ እንዲቀልጥ ከተደረገ በኋላ ይቀዘቅዛል፤ የረጋው ቂጣ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል። ሰልፌቱ ወደ ውሃው ይገባል፤ ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ሳይሟሙ ይቀሩና በማጥሊያ ወረቀት ይለያሉ።

የተጠለለው ሙሙት በውሃ እንዲሳሳ ተደርጎ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመርበታል። አሲዱ ካርቦኔቱን በአረፋ ያባርራል። ይህ ካልተደረገ ባሪየም ካርቦኔትም አብሮ ይዘቅጥና ውጤቱን ያሳብጠዋል። ሙሙቱ የሚሳሳው ደግሞ ከመስታወቱ የወጣው ሲሊካ እንደ ሙጫ ረግቶ ሥራውን እንዳያበላሽ ነው። ቀጥሎ እስኪፈላ ይሞቅና የሞቀ ባሪየም ክሎራይድ ጠብታ በጠብታ፣ እየተማሰለ ይገባል። ነጭ ደመና ይታያል። ባሪየም ሰልፌት ተወለደ ማለት ነው።

ባሪየም ክሎራይዱን በአንድ ጊዜ ገልብጦ መገላገል ያጓጓል። ነገር ግን በችኮላ የተገኘ ዝቃጭ ክሪስታሎቹ እጅግ ደቃቅ ስለሚሆኑ በማጥሊያው ቀዳዳ ያመልጣሉ፤ ሌሎች ጨዎችንም በሆዳቸው ይዘው ይዘቅጣሉ። በሙቅና በሳሳ ሙሙት ውስጥ በዝግታ ከተሠራ፣ ከዚያም በሙቀት ላይ አድሮ ከቆየ፣ ትንንሾቹ ክሪስታሎች እየሟሟ ትልልቆቹ ያድጋሉ። ትዕግሥት እዚህ ላይ የኬሚስትሪ ሕግ ነው።

ባሪየም ሰልፌት «አይሟሟም» ይባላል እንጂ ጥቂት ይሟሟል፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ሊትር ውሃ 2.4 ሚሊ ግራም ያህል። በ250 ሚሊ ሊትር ሲሰላ 0.6 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከዚህ በታች እንደምናየው ይህ መጠን ድኝ ካነሰው ድንጋይ የሚገኘውን ዝቃጭ ከሞላ ጎደል ሊውጠው ይችላል። መፍትሔው ባሪየም ክሎራይዱን ከሚያስፈልገው በላይ መጨመር ነው፤ ትርፉ የባሪየም አዮን በሙሙቱ ውስጥ ሲኖር፣ ተማሪዎች የጋራ አዮን ውጤት ብለው በሚያውቁት ሕግ መሠረት፣ የሚሟሟው ሰልፌት ወደ ኢምንት ይወርዳል።

ዝቃጩ በደቃቅ ማጥሊያ ወረቀት ተጠልሎ በሙቅ ውሃ ይታጠባል። እጥበቱ መብቃቱ የሚታወቀው ከማጥሊያው በሚወርደው ውሃ ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ ሲጨመር ነጭ ደመና ሳይታይ ሲቀር ነው። ቀጥሎ ወረቀቱ ከነዝቃጩ ቀድሞ በተመዘነ ክሩሲብል ውስጥ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ነበልባል ሳያነሣ፣ አየር እያገኘ ከስሎ ያልቃል። አየር ካነሰው ከሰሉ ኦክስጅኑን ከባሪየም ሰልፌቱ ይቀማና ወደ ባሪየም ሰልፋይድ ይለውጠዋል፤ ክብደቱም ይጎድላል። በመጨረሻም በ800 ዲግሪ ያህል ግሎ፣ በዴሲኬተር ውስጥ ቀዝቅዞ ይመዘናል። ክብደቱ መለዋወጡን እስኪያቆም ድረስ ማጋሉና መመዘኑ ይደጋገማል።

አሁን ስሌቱ። የድኝ ክብደት ለባሪየም ሰልፌት ክብደት ያለው ድርሻ 32.06 ÷ 233.39 = 0.1374 ነው። ለምሳሌ ያህል የ1.0000 ግራም ባዛልት ዝቃጭ 0.0076 ግራም መዘነ እንበል። ድንጋይ ሳይኖርበት በሁሉም ደረጃ ያለፈው ባዶ ሙከራ ደግሞ 0.0003 ግራም ሰጠ። ልዩነቱ 0.0073 ግራም ነው፤ በ0.1374 ሲባዛ 0.0010 ግራም ድኝ ይሆናል። ይህም 0.10 በመቶ፣ ወይም በሚሊዮን 1000 ክፍል ማለት ነው። ጋዙ ሳያመልጥ የቀዘቀዘ ባዛልት ብዙውን ጊዜ በዚህ ቁጥር አካባቢ ይገኛል።

ተመሳሳዩን ሥራ በሚሊዮን 100 ክፍል ብቻ ባለው ባልጩት ላይ ብንሠራስ? ከአንድ ግራም የምናገኘው ዝቃጭ 0.73 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። የተለመደው የመተንተኛ ሚዛን እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ያነባል፤ ባዶውና የተሞላው ክሩሲብል፣ ከዚያም ባዶ ሙከራው ሲመዘን ስሕተቱ ተደማምሮ 0.2 ሚሊ ግራም ሊደርስ ይችላል። ይህ ከውጤቱ ሩብ በላይ ነው። «እንግዲያው 10 ግራም ድንጋይ እንውሰድ» የሚል ይኖራል። ነገር ግን 10 ግራም ድንጋይ 50 ግራም ካርቦኔት ይጠይቃል፤ ካርቦኔቱም ንጹሕ አይደለም። ካርቦኔቱ 0.003 በመቶ ሰልፌት ቢኖርበት፣ በ5 ግራም ውስጥ 0.05 ሚሊ ግራም ድኝ ያስገባል። ለአንድ ግራም ድንጋይ ሲሰላ በሚሊዮን 50 ክፍል ነው፤ የባልጩቱን ግማሽ ያህል ከጠርሙሱ አመጣነው ማለት ነው! ድንጋዩ ሲበዛ ካርቦኔቱም አብሮ ስለሚበዛ ይህ ድርሻ አይቀንስም። ስለዚህ ባዶ ሙከራ ያልሠራ ሰው ድንጋዩን ሳይሆን የኬሚካል ጠርሙሱን ለካ ብንል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ረገድ በእኛም ላይ የደረሰ አለ። በአንድ የሥራ ቀን መብራት ጠፋና ማቅለጡን በሲሊንደር ጋዝ ነበልባል ጨረስነው። በማግስቱ የባዶ ሙከራው ዝቃጭ ከወትሮው ጎላ ብሎ ተገኘ። ኬሚካሎቹን ስንጠረጥር፣ ቢከሮቹን ደግመን ስናጥብ ሁለት ቀን ፈጀብን። ጥፋቱ ግን የነበልባሉ ነበር። የማብሰያ ጋዝ ሲያፈስ በሽታው እንዲታወቅ የሚጨመርበት ሜርካፕታን የተባለው ውህድ ድኝ አለው፤ ሲቃጠል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆንና በተከፈተው ክሩሲብል ውስጥ ያለው ካርቦኔት ይስበዋል። ኬሮሲንም ከሰልም ከዚህ አይሻሉም። ማቅለጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራ የሚባለው ለዚህ ነው፤ መብራት ከጠፋም እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል።

ማቃጠልና በብርሃን መለካት

ዛሬ የማዕድን ቤተ ሙከራዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት የማቃጠያ ዘዴን ነው። ሩብ ግራም የማይሞላ ዱቄት ከብረትና ከተንግስተን ቅንጣቶች ጋር በሸክላ ክሩሲብል ሆኖ በኢንዳክሽን ምድጃ ውስጥ፣ በንጹሕ ኦክስጅን ጅረት፣ ከ1500 ዲግሪ በላይ ይነዳል። ድኙ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ እርጥበቱ ከተወሰደ በኋላ ጋዙ በኢንፍራሬድ ጨረር መንገድ ላይ ያልፋል። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሞገድ ርዝመቱ ወደ 7.4 ማይክሮሜትር የሆነውን ጨረር ይውጣል፤ የተዋጠው በበዛ መጠን ድኙ ብዙ ነው። ሥራው ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ቀደም ሲል ይኸው ጋዝ ስታርችና አዮዳይድ ባለበት አሲዳማ ሙሙት ውስጥ እየገባ፣ ሰማያዊው ቀለም ጸንቶ እስኪቆይ በፖታሲየም አዮዴት ይለካ ነበር፤ ይህ መንገድ አሁንም ለማስተማሪያ የሚመች ነው። ከድኙ ጥቂቱ ግን ሰልፈር ትራይኦክሳይድ ሆኖ ከመለኪያው ስለሚሰወር፣ መሣሪያው የድኝ መጠናቸው በተረጋገጠ ናሙናዎች ዘወትር መስተካከል አለበት።

ክሪስታል ውስጥ የታሰረው ጠብታ

እስካሁን የለካነው በድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ድኝ ነው። ለፈንታሌ ወይም ለቦሰት ጎረቤት ግን የሚያሳስበው ያመለጠው ነው። ያመለጠን ነገር እንዴት መመዘን ይቻላል? ተፈጥሮ ለዚህ ምስክር ትታለች። ቅልጡ ዓለት ከመሬት በታች ሳለ የሚያድጉ ክሪስታሎች ከሰውነታቸው ውስጥ የቅልጡን ጥቃቅን ጠብታዎች ያስራሉ። ፍንዳታው ሲመጣ ውጪ ያለው ቅልጥ ጋዙን ለቆ ይረጋል፤ በክሪስታሉ ውስጥ የታሰረው ጠብታ ግን እንደታሸገ ጠርሙስ ድኙን ይዞ መስታወት ይሆናል። የውስጠኛውን ድኝ ለክቶ ከውጪው ሲቀንሱ ያመለጠው ይገኛል።

ጠብታው ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ሊሆን ስለሚችል እዚህ ሚዛን ቦታ የለውም። ኤሌክትሮን ማይክሮፕሮብ የተባለው መሣሪያ ጥቂት ማይክሮሜትር ስፋት ያለው የኤሌክትሮን ጨረር በመስታወቱ ላይ ያሳርፋል፤ ከድኝ አቶሞች የሚወጣው ኤክስሬይ ይቆጠራል። የሚገርመው፣ የዚህ ኤክስሬይ የሞገድ ርዝመት ድኙ ሰልፋይድ ሲሆንና ሰልፌት ሲሆን በጥቂቱ ስለሚለያይ፣ መሣሪያው መጠኑን ብቻ ሳይሆን በምን መልክ እንዳለም ይጠቁማል።

ለስሌት ያህል አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ባልጩት መሰል ቅልጥ ዓለት ፈነዳ እንበል። በሜትር ኩብ 2400 ኪሎ ግራም ቢመዝን ጠቅላላው 2.4 ቢሊዮን ቶን ነው። በታሰረው ጠብታና በውጪው መስታወት መካከል ያለው ልዩነት በሚሊዮን 100 ክፍል ከሆነ፣ ያመለጠው ድኝ 240 ሺህ ቶን፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሲሰላም እጥፉ 480 ሺህ ቶን ይሆናል። ልዩነቱ 1000 ክፍል ቢሆን ደግሞ 4.8 ሚሊዮን ቶን። የስምጥ ሸለቆአችን አልካሊ የበዛባቸው ራዮላይቶች በአብዛኛው ክሎሪንና ፍሎሪን የበዛባቸው፣ ድኛቸው ግን ከባዛልት ያነሰ ነው። ስለዚህ ከአንድ ተራራ ራዮላይት ይውጣ ወይስ ባዛልት የሚለው ጥያቄ ለጋዙ መጠን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ፈንታሌ ሁለቱንም ያውቃል፤ ተራራው በአብዛኛው ራዮላይት ሲሆን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከግርጌው የፈሰሰው ግን ባዛልት ነበር።

ይህን ስሌት የመጨረሻ ቃል አድርጎ መውሰድ አይገባም። በፒናቱቦ ሳተላይት ያየው ጋዝ ከጠብታዎቹ ከተሰላው እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱም ከፍንዳታው በፊት ድኙ ከቅልጡ ተለይቶ በጋዝ አረፋነት በማከማቻው ጣሪያ ሥር ይጠራቀማል፤ ጠብታው በታሰረ ጊዜ ቀድሞ የተለየው ጋዝ አይቆጠርም። እኛ እንደሚመስለን ከድንጋይ የሚገኘውን ቁጥር «ቢያንስ ይህን ያህል» ብሎ ማንበብ ከሁሉ የተሻለ ነው።

ወደ ሶደሬ ስንመለስ

የፍል ውሃው ነገር ከሚታሰበው ይለያል። የሶደሬ ውሃ በዋነኛነት ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት እንጂ ሰልፌት የሚገዛው ውሃ አይደለም። ዝናብና የወንዝ ውሃ በወንጂ ስብራት ቀጠና ስንጥቆች ወርዶ፣ ሞቆ፣ ከጥልቅ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀብሎ፣ መስታወታማውን ዓለት እያጠበ ይመለሳል። በወንጂ አካባቢ ጥርስንና አጥንትን በመጉዳት የሚታወቀው ፍሎራይድም ከእነዚሁ ዓለቶች የታጠበ ነው። ድንጋዩ የተማሪውን ትኩረት በድኝ ቢስብም፣ በውሃው በኩል ሕዝቡን የጎዳው ፍሎሪን መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ለፋብሪካው ጥያቄ ደግሞ መልሱ አሁን በእጃችን ነው። ሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራው ድኝ ተቃጥሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ እርሱም በቫናዲየም ፔንቶክሳይድ አፋጣኝነት ሰልፈር ትራይኦክሳይድ፣ በመጨረሻም አሲድ ሆኖ ነው። ለአንድ ቶን አሲድ 327 ኪሎ ግራም ድኝ ያስፈልጋል። በሚሊዮን 1000 ክፍል ካለው ባዛልት ይውጣ ቢባል፣ ምንም ሳይባክን እንኳ 327 ቶን ድንጋይ ተፈጭቶ መንደድ ይኖርበታል፤ 100 ክፍል ካለው ባልጩት ከሆነ 3270 ቶን።

መልመጃ

2.5000 ግራም የባዛልት ዱቄት በተገለጸው መንገድ ተሠርቶ 0.0121 ግራም ባሪየም ሰልፌት ሰጠ፤ የባዶ ሙከራው ዝቃጭ 0.0004 ግራም ነበር። የድኙን መጠን በሚሊዮን ክፍል አስሉ። የሚዛን ስሕተቱ በጠቅላላ 0.0002 ግራም ቢሆን መልሱ ወዲህና ወዲያ በስንት ክፍል ይንቀሳቀሳል? ባዶ ሙከራው ባይሠራ ኖሮስ ውጤቱ በስንት ያብጥ ነበር? (መልስ፦ 643፤ 11 ያህል፤ 22 ያህል።)